ዳምጤ ፎቶ ያነበበ ጊዜ

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በር ፊት ለፊት፣ ከሻይ ቤቶቹ ጎን አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረች። ሰማያዊ ቀለም ተቀብታለች። በሯ ላይ «ዘፈን፣ ፊልም፣ መንዙማ፣ መዝሙር በሜሞሪ እንጭናለን» ይላል። የሱቋ ባለቤት ዳምጤ ይባላል።

ዳምጤ ዓይን አፋር ነው። ዓይን አፋር ሲባል ደግሞ እንደው ለወጉ አይደለም። ሰው መጥቶ «ዳምጤ እንዴት ዋልክ?» ሲለው «እግዜር ይመስገን» ብሎ የሚመልሰው ለኮምፒውተሩ ነው። ሜሞሪውን ይቀበላል፣ ይሰካል፣ ይጭናል፣ ነቅሎ ይሰጣል፣ አበቃ። የመጣችው ሴት ከሆነች ጭራሽ ከኮምፒውተሩ ኋላ ይሸጎጣል። እናቱ ከወረኢሉ ወዲያ ካለው አገራቸው እህል ይዘውለት ሲመጡ፣ «ልጄ ቆላ ወርዶ እንኳ አልተፈታም» ይላሉ። ትምህርቱንም ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። ሲያነብ በጭቃ መንገድ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ እያንዳንዱን ቃል መጀመሪያ ነካ ነካ አድርጎ ካላየው አይረግጠውም።

ይህ ሰው ታዲያ በድምፁ አገር ያውቀዋል ቢባል ማን ያምናል? ግን ሆነ።

ነገሩ የጀመረው በሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. ነው። ያኔ ፋብሪካው ውስጥ ስልክ የሌለው ሠራተኛ ጥቂት ነው፤ ኢንተርኔት ያለው ግን ከዚያም ያንሳል። ሰው ስልኩን የሚሞላው እንደ ዳምጤ ካለ ሱቅ ነው። አንድ ሰው ያስጫነውን ደግሞ ሌላው በብሉቱዝ ይቀበለዋል። አንድ ቀን ረሂማ የምትባል የሽመና ክፍል ሠራተኛ ጋዜጣ ጠቅልላ ይዛ ወደ ሱቁ መጣች። ረሂማ የሽመና ማሽኑ ጩኸት ለምዶባታል፤ አጠገቧ ላለ ሰው እንኳ ጮክ ብላ ነው የምታወራው።

«ዳምጤ! ይኸ ጋዜጣ ስለ እኛ ሰርቪስ ጽፏል አሉ። መነጽሬ ተሰብሯል። በል አንብብልኝ።»

«አንቺ ፊት አላነብም» አለ ዳምጤ።

«ምነው፣ እበላሃለሁ?»

«ነገ ነይ።»

ረሂማ ስትሄድ በሩን ዘጋና ጋቢውን ተከናንቦ፣ ስልኩን አፉ ሥር ይዞ አነበበ። ሲነጋ ስትመጣ ሜሞሪዋን ተቀብሎ ድምፁን ጫነላት። ረሂማ ሰምታ በሳቅ ሞተች። ምክንያቱም ዳምጤ የተጻፈውን ብቻ አልነበረም ያነበበው። «እዚህ ላይ ረዥም ቃል አለ፣ እሱን ዝለሉት» ይላል። ትንሽ ይሄድና ደግሞ «ይኸኛው እኔም አልገባኝም፤ ለማንኛውም ጥሩ ነገር አይመስልም» ይላል። ምሳ ሰዓት ላይ የሽመና ክፍል ሁሉ በብሉቱዝ ተቀበላት። ከሽመና ወደ ፈትል፣ ከፈትል ወደ ማቅለሚያ፣ ከማቅለሚያ ወደ ዘበኞቹ ደረሰ። በሳምንቱ ሰዎች ሱቁ በር ላይ ቆመው «የዚህን ሳምንት ጋዜጣ ጫንልን» አሉ። ዳምጤ እምቢ ማለትም ያፍራል። እናም ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዜጣ አንባቢ ሆነ።

ጋዜጣው «ጦሳ ማዶ» ይባላል። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ነው የሚዘጋጀው። አዘጋጁ አቶ በላቸው የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ጽሑፉን ራሳቸው ይጽፋሉ፣ ፎቶውን ራሳቸው ያነሳሉ፣ አንዳንዴም ጋዜጣውን ራሳቸው ተሸክመው ያዞራሉ። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ላይ የሚሸጥላቸው አቤ የሚባል ነጋዴ ነው። አቤ ድሮም ብዙ አይሸጥም ነበር፤ አሁን ግን የወሰደውን እንዳለ መመለስ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ሁሉም ሰው ሰምቶታል እኮ» አላቸው። «ልሸጥለት ስል ‹ዳምጤ ነግሮናል› ይለኛል።»

አቶ በላቸው ይኸን ሲሰሙ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወርደው በቀጥታ ወደ ሱቋ መጡ። ደሴ ጉም ስለነበር ካፖርታቸውን እንደለበሱ ነው የመጡት።

«ዳምጤ የሚባለው አንተ ነህ?»

«አዎ ጋሼ» አለ ለኮምፒውተሩ።

«እኔን እያየህ አናግረኝ!»

ዳምጤ የካፖርታቸውን ቁልፍ አየ። ከዚያ በላይ መውጣት አልቻለም።

«አንድ ጋዜጣ ገዝተህ ለስንት ሰው ነው የምታስነብበው?»

«እኔ አላስነብብም ጋሼ። አሰማለሁ እንጂ።»

«ማሰማትና ማስነበብ ምን ለየው? እኔ ጦሳ ተራራ ሥር በብርድ ጣቴ ደርቆ እጽፋለሁ፣ አንተ እዚህ ሙቀት ላይ ቁጭ ብለህ ትበትነዋለህ!»

ረሂማ ሜሞሪ ልታስጭን መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ጋሼ፣ ካፖርቱን ያውልቁት እንጂ። በላብ አለቁ እኮ።»

«ስለ ካፖርት አይደለም የምናወራው!»

«እኔ ስለ ካፖርቱ ነው የማወራው። ወላሂ ይወድቃሉ።» ዱካ ስባ ሰጠቻቸው። «ደግሞስ እኛ ክፍል ከዳምጤ በፊት የእርስዎን ጋዜጣ ማን ያውቀው ነበር? አሁን ስምዎን የማያውቅ የለም።»

«በስም ማተሚያ ቤት አይከፈልም፣ እመቤቴ!»

አቶ በላቸው ካፖርታቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡና እዚያው ኮምቦልቻ የመረጃ ሥርጭት ክትትል ጽሕፈት ቤት ወደሚባል መሥሪያ ቤት ሄደው አቤቱታ አቀረቡ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ትንሳኤ ናቸው። አቶ ትንሳኤ መመሪያ ማውጣት ይወዳሉ። ሌላው ሰው እንግዳ ሲመጣበት የሚደሰተውን ያህል እሳቸው አቤቱታ ሲመጣ ይደሰታሉ። የአቶ በላቸውን ሲሰሙ እጃቸውን አፋተጉ።

«ማለት፣ ቴክኖሎጂና ሚዲያ ተጋጩ ነው የሚሉኝ? በኛ ከተማ? ግሩም! አቅጣጫ እናስቀምጥበታለን።»

አቅጣጫው የተቀመጠው በስብሰባ ነው። ዳምጤ ተጠርቶ ሄደ፤ አዳራሹ ጥግ፣ ከመጋረጃው አጠገብ ተቀመጠ። አቶ ትንሳኤ ስለ ልማታዊ ቴክኖሎጂ ብዙ ተናገሩ። ስለ መልካም አስተዳደርም ተናገሩ። በመጨረሻ የጽሕፈት ቤቱ የሕግ ባለሙያ ወይዘሮ ሊድያ መመሪያውን አነበቡ።

«አንደኛ፣ ጋዜጣን በሜሞሪ የሚያሠራጭ ማንኛውም ግለሰብ የጋዜጣውን ስም ይጠራል። ሁለተኛ፣ በጋዜጣው ላይ የሰፈረውን ሁሉ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ፣ ሳይዘል ያሰማል። ሦስተኛ፣ ይህን የጣሰ እንደሆነ ሱቁ ይታሸጋል።»

አቶ በላቸው በሆዳቸው ሳቁ። ይኸ እየተንገዳገደ የሚያነብ ሰው ጋዜጣውን ከነጨረታው፣ ከነማስታወቂያው አንብብ ቢባል መቼ ይጨርሰዋል? ይሰለቸዋል፣ ይተወዋል፤ ሰውም ጋዜጣውን መግዛት ይጀምራል። ሐሳባቸው ይኸ ነበር።

«ያልገባህ ነገር አለ?» አሉት አቶ ትንሳኤ።

ዳምጤ ብዙ ያልገባው ነገር ነበር። ግን ሁሉም ሰው ዞሮ እያየው ነው። «የለም» አለና ወጣ።

መንገድ ላይ ግን ሐሳብ ያዘው። ሱቋ ከታሸገች ወዴት ይሄዳል? አገር ቤት ያለውን መሬት ወንድሙ ይዞታል። ፋብሪካ ልግባ ቢል ደግሞ ለቅጥር ጠርተው አንድ ጥያቄ ሲጠይቁት ላብ በላብ ሆኖ ነው ያኔ የወጣው። ሰው ፊት ሳይቆም እንጀራ የሚበላበት ቦታ ያቺ ሱቅ ብቻ ናት። ስለዚህ ቆረጠ፤ መመሪያው ያለውን አንዲት ሳያጓድል ሊያደርግ።

ቅዳሜ ጋዜጣውን ይዞ በሩን ዘጋ። «ጦሳ ማዶ» ብሎ ጀመረ። አዘጋጁን፣ አድራሻውን፣ የፖስታ ሣጥኑን አነበበ። ዜናውን አነበበ። «ወደ ገጽ ስድስት ዞሯል» የሚል ሲያገኝ እሱንም አነበበ፤ ከዚያ ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማል። ያገለገለ ጎማ የሚሸጥበትን ጨረታ አነበበ። መታወቂያ የጠፋባቸውን ሰዎች ስም ከነአያታቸው ጠራ። ያንን ረዥም ቃል መዝለል ቀርቷልና፣ እንዲህ ዓይነት ቃል ሲመጣ ያምጠዋል። አንዳንዱን ቃል ሲጨርስ የፈትል ክፍል ሠራተኞች አጨበጨቡለት አሉ። ሰዉ ይሰለቻል ሲባል ጭራሽ ወደደው። ማታ ሰርቪስ ውስጥ በጨረታው እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ነበረ። ደጉ የሚባል የማቅለሚያ ሠራተኛማ ጨረታው ላይ ሄዶ ሁለት ጎማ ይዞ መጣ፤ መኪና የለውም፣ ግን መጣ።

በሌላኛው ቅዳሜ ዳምጤ አንብቦ ጨርሶ ሊጭን ሲል ረሂማ መጣች። ጋዜጣውን ገለጥ ገለጥ አደረገችውና ገጽ ሦስት ላይ ቆመች።

«ይኸን ዘለልከው።»

«የቱን?»

«ይኸን ነዋ። ፎቶውን።»

«ፎቶ ነው እኮ ረሂማ። ፎቶ ይነበባል እንዴ?»

«በጋዜጣው ላይ የሰፈረ አይደለም? ‹የሰፈረውን ሁሉ› አይደል ያሉህ? ‹ሳይዘል› አይደል ያሉህ? ያ ረቢ! ነገ አቶ ትንሳኤ መጥተው ‹ዳምጤ እኔን ዘለለኝ› ብለው ሱቅህን ቢያሽጉትስ?»

ፎቶው የአቶ ትንሳኤ ነበር። ዳምጤ ደነገጠ። ቀና ብሎ የረሂማን ፊት ቢያይ ኖሮ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን እንደያዘች ያይ ነበር። ግን ቀና አላለም። እውነቱ ይነገር ከተባለ ፎቶውን ደጋግሞ ሲያየው እሱም ትንሽ ፈገግ ብሏል፤ ለኮምፒውተሩ።

ረሂማን አስወጥቶ ጋቢውን ተከናነበና እንዲህ አለ፦

«ገጽ ሦስት። ፎቶ። አቶ ትንሳኤ ናቸው። ወንበር ላይ ናቸው። ዐይናቸው ተጨፍኗል። አፋቸው ተከፍቷል፤ ውስጡ ጠቆር ያለ ነው፣ ብዙ አይታይም። ከጎናቸው ያለው ሰውዬ አፋቸውን እያየ ነው። ከሥሩ ‹አቶ ትንሳኤ የሥራ ሰዓትን በአግባቡ ስለመጠቀም ማብራሪያ ሲሰጡ› ይላል። ፎቶው አለቀ።»

ሰኞ ምሳ ሰዓት ሻይ ቤቶቹ ተናወጡ። ግማሹ «ዳምጤ ይዋሻል» አለ። ግማሹ «ዳምጤ አይዋሽም» አለ። ክርክሩ ሲበረታ ሰው ሁሉ ፎቶውን በዐይኑ ሊያይ ወደ መናኸሪያ ሮጠ። አቤ ጋዜጣውን እንደ ትኩስ ዳቦ ሸጠ፤ ሲያልቅበትም ለራሱ ያስቀረውን ሸጠ። ወዲያው ወደ ደሴ ደወለ።

«ጋሼ፣ ጋዜጣ ላኩልኝ!»

«ስንት ተመለሰ?» አሉ አቶ በላቸው፣ እንደ ልማዳቸው።

«ምንም! ሰው እየደበደበኝ ነው፣ ላኩ ነው የምልዎ!»

«እስቲ ድገመው» አሉት አቶ በላቸው። ጋዜጣ ከጀመሩ ጀምሮ ላኩ ተብለው አያውቁም።

አቶ ትንሳኤ ደግሞ ነገሩን የሰሙት ከራሳቸው ዘበኛ ነው። ከአራጋው። አራጋው በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲንፈቀፈቅ አገኙት። «ምንድን ነው?» ቢሉት መደበቂያ አጣ። አቶ ትንሳኤ እስከ «ፎቶው አለቀ» ድረስ ቆመው ሰሙ። ከዚያ «ያ ሰውዬ ይጠራልኝ። ማሸጊያውም ይዘጋጅ» አሉ።

ረሂማ ጥሪውን ስትሰማ ትንሽ ከፋት። ጨዋታው እዚህ ይደርሳል ብላ አላሰበችም።

«አብሽር ዳምጤ። ቆመህ ንገራቸው። ያልከው ሁሉ እውነት ነው።»

«መናገር ብችልማ» አለ ዳምጤ። «ሰው ሲያየኝ ምላሴ ይተሳሰራል።»

ሲያስብ ቆየና ሳያዩት መናገር እንደሚችል ትዝ አለው።

ስብሰባው ተጀመረ። አቶ ትንሳኤ መሐል ናቸው። ማሸጊያው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ወይዘሮ ሊድያ በቀኝ፣ አቶ በላቸው ከሳሽ ናቸውና በግራ። ረሂማም ሳትጠራ መጥታ ከኋላ ተቀምጣለች። ዳምጤ «ተናገር» ሲባል ተነሳ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ነካ አደረገና ተመልሶ ተቀመጠ። አንገቱን ደፋ።

«ክቡር አቶ ትንሳኤ» አለ ስልኩ። «እኔ ዳምጤ ነኝ። እዚሁ ነኝ፣ ወንበሩ ላይ። አፌ ስለማይታዘዝልኝ ነው በዚህ የመጣሁት። መመሪያው ሳይዘል ብሎኛል፣ አልዘለልኩም። ሳይጨምር ብሎኛል፣ አል...» ስልኩ ውስጥ ዶሮ ጮኸች። «ይቺ ዶሮ የኔ አይደለችም፣ የጎረቤት ናት። አልጨመርኩም። ሱቄን አታሽጉብኝ።»

«ሌላ መሄጃ እንደሌለህ ንገራቸው እንጂ!» አለ የረሂማ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ፤ ሲቀዳ ከተዘጋው በር ውጭ ቆማ ነበር።

«እሺ። ሌላ መሄጃ የለኝም። አበቃሁ።»

ወይዘሮ ሊድያ ጽሑፋቸው ላይ አቀረቀሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ነገር ግን ስልኩ አላበቃም። ዳምጤ ማጥፋቱን ስለረሳው ወደሚቀጥለው ቅጂ አለፈ።

«ገጽ ሦስት። ፎቶ። አቶ ትንሳኤ ናቸው። ወንበር ላይ ናቸው...»

ዳምጤ ዘሎ ተነሣ። ሊያጠፋው ብሎ የተሳሳተውን ተጫነ፤ ድምፁ ጨመረ። «አፋቸው ተከፍቷል!» የሚለው በመስኮት ወጥቶ ግቢው ውስጥ ተሰማ። አራጋው ከውጭ ሲስቅ ደግሞ እሱም ተሰማ።

«ስሙት! ስሙት!» አሉ አቶ ትንሳኤ። «ጨምሯል! ጠቆር ያለ ነው የሚል የት ተጽፏል?»

«ጋዜጣው ይምጣና እንየው» አሉ ወይዘሮ ሊድያ።

ጋዜጣ ተፈለገ። ከተማው ውስጥ አልቋል። ለአቤ ቢደወል የለኝም አለ። በመጨረሻ አቶ ትንሳኤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና መሳቢያቸውን ከፍተው፣ ታጥፎ የተቀመጠ አንድ ጋዜጣ አወጡ። ወይዘሮ ሊድያ ፎቶውን ጠጋ አድርገው፣ ራቅ አድርገው አዩት።

«ተከፍቷል» አሉ።

«ማብራሪያ እየሰጠሁ ነበር!»

«ዐይንዎስ?»

«እያሰብኩ ነበር!»

«እንግዲያው ቃለ ጉባኤው ላይ አፍ ከፍተው ሲያብራሩ፣ ዐይን ጨፍነው ሲያስቡ ብዬ ልያዘው?»

«ምንም አትያዢ!»

«ጠቆር ማለቱም እውነት ነው» አሉ አቶ በላቸው ረጋ ብለው። «ቀለሙ በዝቶ ነው። የኔ ጥፋት ነው። ደግሞ እኔ አቤቱታዬን አንስቻለሁ።»

አቶ ትንሳኤ ዞሩባቸው። «ምን አሉ? እርስዎ አይደሉም እንዴ እዚህ ያመጡን?»

«ያኔ ጋዜጣዬ አይሸጥም ነበራ!»

«አጃኢብ ነው!» አለች ረሂማ ከኋላ።

ወይዘሮ ሊድያ መመሪያውን እንደገና አነበቡ። ሰውየው አልጨመረም፣ አልቀነሰም፣ አልዘለለም። በዚህ ሱቅ ማሸግ አይቻልም አሉ። አቶ ትንሳኤ ማሸጊያውን አዩት፣ ዳምጤን አዩት፣ ከዚያ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ሰው ፊት ባዶ እጅ መውጣት ሞት መሰላቸውና እጃቸውን አነሱ።

«እንግዲያው ይጻፍ! አራተኛ፣ ፎቶ አይነበብም!»

«እሺ» አለ ዳምጤ። ሁሉም ሰው ነው የሰማው።

አቶ በላቸው ብቻ ፊታቸው ወደቀ። ሰው ፎቶውን ካልሰማ ምን ሊል ይገዛል? ከስብሰባው ሲወጡ ዳምጤን ክንዱን ይዘው «አደራ፣ ትንሽ እንኳ...» አሉ። ዳምጤ «መመሪያ ነው ጋሼ» ብሏቸው ሄደ።

ቅዳሜ ዳምጤ በሩን ዘግቶ እንደ ሁልጊዜው ሁሉንም አነበበ። ገጽ ሦስት ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ላይ ፎቶ አለ» አለ። «መመሪያው አራተኛ ላይ ስለከለከለኝ ምን እንደሆነ አልናገርም።»

ከዚያ ትንሽ ዝም አለ። ሰው ያየውን ነገር ውጦ ዝም ሲል የሚታወቀውን ዓይነት ዝምታ። ከዚያ «ገጽ አራት» ብሎ ቀጠለ።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አቤ ጋር ያለው ሁሉ አለቀ። ፎቶው የበሬ ነበር። ከቦሩ ሜዳ ገበያ የተነሳ፣ አንድ የሰባ በሬ። የገዙት ሰዎች መጀመሪያ ተናደዱ፣ ከዚያ ሳቁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ እንደገና ገዙ፤ ምክንያቱም ማን ያውቃል። አቶ በላቸውም ካሜራቸውን አንግተው የአቶ ትንሳኤ ስብሰባ ባለበት ሁሉ መገኘት ጀመሩ። አቶ ትንሳኤ ካሜራውን ሲያዩ አፋቸውን ይገጥማሉ። አፍ ገጥሞ ማብራሪያ መስጠት ስለማይመች ማብራሪያቸው አጠረ። ወይዘሮ ሊድያ አሁን ስብሰባው ከምሳ በፊት እንደሚያልቅ ለጓደኞቻቸው ያወሩ ነበር።

አንድ ዓርብ ቀን ዘበኛው አራጋው አዲስ ሜሞሪ በወረቀት ጠቅልሎ ወደ ሱቋ መጣ።

«ጋዜጣውን ነገ እዚህ ላይ ጫንልኝ። የአንድ ትልቅ ሰው ነው። ስሜ አይጠራ ብለዋል።»

«እሺ» አለ ዳምጤ።

አራጋው ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ነገ ፎቶው የማን እንደሆነ ቀደም ብሎ ሹክ ይበለኝ ብለዋል። ለብቻዬ፣ ለጆሮዬ።»

ዳምጤ ሜሞሪውን ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠ።

«እሱንማ መመሪያው ከልክሎኛል ብለህ ንገራቸው» አለ።